ሻንጣ ሦስት፣ ፋብሪካ ሁለት

አሸናፊ ሲያወራ ሰምታችሁት ይሆናል፤
እኔ የተሸነፍኩት ነኝ፣ ከኔ ቢሰማ ይሻላል።
ያሸነፈ ሰው ያጋንናል፣
የተረታ ግን እያንዳንዷን ደቂቃ ቆጥሯታል።

ከፋብሪካው ነበርኩ፣ ባለ ዘጠኝ ቁጥር፣
ማልያችን በካውያ፣ ጫማችን በቀለም የሚያምር፤
ከልምምድ በኋላ በረዶ ላይ ሎሚ ተጨምቆ
ይመጣልን ነበር፣ ለየሰው በብርጭቆ።
ማዶ ደግሞ «ሻንጣ»።
የለገሃር ኩሊዎች ናቸው፤ ለፌዝ አንዱ ያወጣውን
ጀርባቸው ላይ ጻፉት፣ ወደዱት ስድቡን።

እሑድ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ ከድሬ ሰው የተጣላች ይመስል
ሜዳው ላይ ትነዳለች እንደ ምድጃ ከሰል።
ሻንጣዎች ስምንት ናቸው። «ሦስቱስ?» አለ ዳኛው፤
«የጅቡቲው ባቡር ዘገየ፣ ጭነት ላይ ናቸው» አለው አምበላቸው፣
ፉአድ የሚባል ቀጭን፣ ክንዱ ግን እንደ መጫኛ።
«ባቡር አይጠበቅም፣ ጀምሩ!» አለ ዳኛ።
ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። አልደብቅም።

በረኛቸውም ባቡሩ ጋ ነው፤ ግቡ መሐል የቆመ
ሚዛን መዛኝ ሰውዬ፣ ኳስ ሲመጣ የሚያጎነብስ እየተሳለመ።
አንድ አገባሁ። ሁለተኛውን ክፍሎም።
ጥላ ሥር የተቀመጠው ሰው ጫቱን እየቀነጠሰ
ይወራረዳል፤ ውርርዱም «ስንት ይገባል?» ነው፣
«ማን ያሸንፋል?» ያለ የለም።

ያኔ ከወደ ጣቢያው ተሰማ የባቡር ጩኸት፣
ረጅም፣ የታመመ ግመል ዓይነት።
ሕዝቡ አጨበጨበ፤ «ሻንጣ መጣልህ!» ተባለ፤
ፉአድ ግን በጣቱ ቆጠረ፣ ስንት ጆንያ እንዳለ።

ከዕረፍት ስንመለስ ሦስቱ መጡ እየሮጡ፣
ቅንድባቸው በዱቄት ነጥቶ፣ ልብስ እንኳ ሳይለውጡ።
አንደኛው ሮብሌ ነው፣ በረኛው።
ከጋራዥ የተዋሰው የበያጅ ጓንት አጥልቆ፣
«አቦ፣ አንተ ዕረፍ» አለው ሚዛን መዛኙን፣ ስቆ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ።
አሥራ አንድ ሲሆኑ ሜዳው ጠበበን።
ኳሷን እንደ ጆንያ ሳያዩ ይቀባበላሉ፣
«ያዝ!» «ሃ!» «ያዝ!» «ሃ!» በሥራቸው ቋንቋ ይጠራራሉ።
አንድ አገቡ። ጥላ ሥር ያለው ሕዝብ ተነሣ።
ሁለት አገቡ። ሥራ አስኪያጃችን ሎሚውን ረሳ።

ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ። ክፍሎም ወደቀ። ፊሽካ። ፍጹም ቅጣት።
እውነቱን ልናገር? ማንም አልነካውም፤
የጣለው የገዛ እግሩ ነው፣ ድካሙ ነው ምናልባት።
አስቀመጥኳት። ስድስት ርምጃ ወደ ኋላ።
ሮብሌ መስመሩ ላይ ነው፤ አይዘልም፣ አይወዛወዝም እንደ ሌላ፤
ዝም ብሎ ያያል፣ ኳሷን አይደለም፣ እኔን፤
ከፉርጎ እንደሚወርድ መንገደኛ መረመረ ሁለመናዬን።

ወደ ግራዬ መታሁ። እዚያ ጠበቀኝ።
ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ቀረች፤ ጭስ የወጣ መሰለኝ።
ወረወራት ሩቅ፣ ከፉርጎ ጋሪ ላይ እንደሚጣል ዕቃ፤
ፉአድ ደረሰባት፤ እኛ እጃችን ራሳችን ላይ ነው፤ አበቃ።

የኛው ደጋፊ ሳይቀር አጨበጨበ።
ዋንጫውን በሻንጣ ጋሪ ገፉት በከተማው፣
«ተሰባሪ ነው» የሚል ወረቀት ለጥፈውበት።

ባቡሩ ቀረ። ሐዲዱ ላይ ፍየል ይተኛል።
እኔና ሮብሌ ከዚራ፣ አንድ ዛፍ ሥር፣
ጡረታችንን በሻይ እንጨርሳለን።
ሠላሳ ዓመት ጠየቅኩት፦ «በምን አወቅህ?» ይስቃል።
ባለፈው ሳምንት ግን፣ ምን እንደነካው እንጃ፦

«አቦ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሻንጣ ተሸክሜ የለ?
ሰው በየት በኩል እንደከበደው ትከሻው ይነግርሃል፣
አፉ ቢዋሽ እንኳ።
ያን ቀን ግራህ ዘቅ ብሎ ነበር።
ዋንጫውን ሳታገኘው ተሸክመኸው ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። ከታይዋን የገዛሁትን
ብርቱካን አንሥቼ ልሄድ ስል፣
«ዛሬ ደግሞ ቀኙ ነው» አለና
ከእጄ ላይ ተቀበለኝ።